የሙጂባ ወጥ ቤት ዞኮሎ

አናጢው ቻላቸው ከጎጃም ወጥቶ ሰመራ ከገባ ወዲህ ፀጉሩ ሸብቷል፣ ጉልበቱም አልቋል። ሥራ ሲጠሩት ይነጫነጫል፤ ግን ቀርቶ አያውቅም። ባለፈው ሳምንት ሙጂባ የምትባል አስተማሪ ደወለችለት። ከወጥ ቤቷ ካቢኔት ሥር ወለሉን ታክኮ የሚሄደው የቺፑድ ጠርዝ፣ አናጢዎች ዞኮሎ የሚሉት፣ እንደገና አብጦ ተልጦባት ነበር። ከዚህ በፊት ሁለቴ ቀይሮላታል። ሁለቴም ወለሉ ላይ ውሃ እንዳትደፋ አደራ ብሏት ነበር።

ይህ ሰው ከሰመራ ሙቀት ይልቅ የሚጠላው ውሃን ነው። እያጉረመረመ ተንበረከከና ያበጠውን ነቅሎ፣ ከአዋሽ ያስመጣውን ቺፑድ ቆርጦ ገጠመ፤ ጠርዙንም በሲልከን ደፈነ። ካቢኔቱን ተደግፎ እንደምንም ቀና ሲል መብራት ጠፋ፣ ማራገቢያውም ቆመ። ሙጂባ አንድ ባልዲ ውሃ አመጣችና ወለሉ ላይ ለቀቀችው። ውሃው አዲሱ ዞኮሎ ሥር ሄዶ ተኛ።

ቻላቸው ደሙ ፈላ። ሊጮህባት አፉን ሲከፍት፣ እናቷ እማማ ሐያት ግድግዳውን ይዘው ገቡ። የልብ ሕመምተኛ ናቸው፤ ሲሞቅ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። እርጥቡ ሴራሚክ ላይ በጎናቸው ጋደም አሉና "አልሐምዱሊላህ" አሉ።

"ጋሽ ቻላቸው፣" አለች ሙጂባ ቀስ ብላ፣ "አምና አደራዎን ጠብቄ ውሃ መድፋት ትቼ ነበር። እናቴ ሐኪም ቤት ተኝተው ነው የተረፉልኝ።"

ቻላቸው አፈረ። እንደገና ተንበረከከና ሲልከኑ ገና ያልደረቀውን ዞኮሎ ራሱ ነቀለው። ካቢኔቱ የቆመው በፕላስቲክ እግር ነው፤ ውሃ የሚነካው ይህ ጠርዝ ብቻ ነበር። ይህን ሁሉ ጊዜ እንጨት በእንጨት ሲተካ መኖሩ ድካሙን አባሰበት።

"መብራት ሲመጣ በሴራሚክ ቁራጭ እሠራዋለሁ፤" አላት። "እስከዚያ የፈለግሽውን ያህል ድፊ።"

ቻላቸው በተከራያት ክፍል ውስጥ በገዛ እጁ የሠራው የቺፑድ አልጋ አለ። የአልጋው እግር እንዳያብጥበት ብሎ ወለሉ ላይ ጠብታ ውሃ ሳያስነካ፣ ስንት ዓመት በላብ ተጠምቆ አድሯል። ያን ቀን እንደገባ ባልዲውን ሞላና ወለሉ ላይ ደፋው። ከዚያ ጫማውን አውልቆ፣ የሚያመውን ጉልበቱን ዘርግቶ እርጥቡ ላይ ተቀመጠ። አልጋውን ዞር ብሎ አላየውም።