ወይዘሮ እንጉዳይ ስለ ድልድዩ የጠየቁት ሁለተኛው ጥያቄ

የዳባቷ አዋላጅ ነርስ፣ ኋላም በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የእኛ ወኪል የነበሩት ወይዘሮ እንጉዳይ ፈንታሁን፣ ለጥቂት ጊዜ ታመው ሰንብተው አርፈዋል። የተቀበሩት በተወለዱበት ደብር ነው። ከደባርቅም ከጃናሞራም ከኮሶዬም ሰው ስለ መጣ የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አልበቃም፤ ግማሹ ለቀስተኛ የገብስ ማሳ ዳር ቆሞ ነው የሸኛቸው።

ይህን የምጽፈው ለሚያውቋቸው ሁሉ ነው። እኔ ደባርቅ የምኖር ግንበኛ ነኝ፤ ስሜ ታከለ እንየው ይባላል። ፊደል የለየሁት ጎልምሼ፣ ልጆቼ ከትምህርት ቤት ይዘውት በሚመጡት መጽሐፍ ነው። አጻጻፌ ቢጎረብጣችሁ ታገሡኝ። ከልጆቼ ሦስቱን የተቀበሉልኝ ወይዘሮ እንጉዳይ ናቸው።

ለመጻፍ የተነሣሁት በሐዘኑ ድንኳን በሰማሁት ነገር ነው። በሦስተኛው ቀን አንድ ሰው፣ «መቼም ደግ ሴት ነበሩ፤ ያን ቀን በቴሌቪዥን ባይዋሹ ኖሮ» አለ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ያየውን ነው የተናገረ። የመለሰለት አልነበረም። እኔም ዝም አልሁ። ከድንኳኑ ሰው ሁሉ ዝም ማለት ያልነበረብኝ እኔ ነበርሁ።

ወይዘሮ እንጉዳይን ያወቅኋቸው በጤና ጣቢያ፣ ነጭ ጋዋን ለብሰው ነው። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር፤ ሰው ነገር ሲያለባብስ ግን አይወዱም። ባል ሚስቱን በቃሬዛ አሸክሞ ሲመጣ፣ «ምጡ መቼ ጀመራት?» ይሉታል። «ትናንት ይመስለኛል» ካለ፣ «የሚመስልህን አልጠየቅሁህም» ይሉታል። እኔም አንድ ጊዜ እንዲሁ ተጠይቄ ላብ አጥምቆኛል። ያው ቁጡ የሚመስሉት ሴት፣ ከአምቢኮ የመጣች ወላድ ብርድ ሲያንቀጠቅጣት የለበሱትን ጋቢ አልብሰው በሹራብ ብቻ ቤታቸው ሲገቡ አይቻቸዋለሁ። ጋቢው አልተመለሰም፤ ሲጠይቁም አልሰማሁ።

ለምክር ቤት ሲወዳደሩ ድምፄን አልሰጠኋቸውም። ይህንም መደበቅ አልፈልግም። «ሚኒስትር ፊት ቆሞ መሟገት የሴት ሥራ አይደለም» ብዬ በአደባባይ ተናግሬአለሁ። ተመርጠው በመጀመሪያው የዕረፍት ጊዜ ሲመለሱ ገበያ ላይ አገኙኝና፣ «አያ ታከለ፣ ድምፅዎን ነፈጉኝ አሉ። ግዴለም፤ ምክርዎን አይንፈጉኝ» ብለው እጄን ጨበጡ። አፍሬ መሬት መሬቱን አየሁ። ከዚያ ወዲህ ሲመጡ ከአጠገባቸው ጠፍቼ አላውቅም።

ምክር ቤቱ ለዕረፍት ሲዘጋ ተወካዮች ወደ መረጣቸው ሕዝብ ይመጣሉ። ብዙ ጊዜ ስብሰባ ይጠራል፣ ንግግር ይደረጋል፣ ይጨበጨባል። እርሳቸው ግን በገበያ ቀን ከእህል ተራው ጥግ አግዳሚ ወንበር አስወጥተው ደብተራቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው ይቀመጣሉ። አቤቱታ ላለው ሁሉ ሦስት ጥያቄ ነበራቸው። «በዓይንዎ አይተውታል? መቼ አዩት? ማን አብሮዎት ነበር?» ሰምቻለሁ ላለ ሰው እስክሪብቶ አያነሡም። «ሄደው አይተው ይምጡ፤ እኔም እስከ ማታ እዚሁ ነኝ» ይሉታል።

አቤቱታው ተጽፎ ሲያልቅ ደግሞ ልምምድ አለ። አዲስ አበባ ሄደው የሚጠይቁትን እኛ ፊት አስቀድመው ይጠይቁታል፤ ሚኒስትር ሆኜ የምመልሰው እኔ ነበርሁ። አንድ ጊዜ እንዲህ ተባባልን፤

«ክቡር ሚኒስትር፣ የመስኖው ሥራ ለምን ቆመ?»

«በዕቅዳችን ውስጥ አለ።»

«በየትኛው ዓመት ዕቅድ?»

«በዘንድሮው፤ ወይም በሚቀጥለው።»

«የዘንድሮው በጀት ሲጸድቅ እኔም እጄን አውጥቻለሁ። ለመስኖው የተያዘው ምን ላይ ዋለ?»

«ጥናት እየተካሄደ ነው።»

«የሚያጠናው ማን ነው?»

«ባለሙያ!»

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። አንዲት በርበሬ ሻጭ፣ «ኧረ ይኸ ሰውዬ ተሹሞ ኖሯል፣ እኛ አላወቅንም!» ብላ ጮኸች። ወይዘሮ እንጉዳይ ሳቃቸውን እንደ ምንም ዋጥ አድርገው፣ «እርስዎንማ አዲስ አበባ መላክ ነበር፤ ግን ከሚኒስትሮቹ ወንበር እንጂ ከእኔ ወንበር አይደለም» አሉኝ። ቀጥለውም ለሁላችን እንዲህ ብለው አስረዱን፦ «አያችሁ እንዴት እንዳመለጠኝ? ጥያቄዬ ሰፊ ስለ ነበረ ነው። ‹መንገድ ለምን የለም?› ብል ስለ አገሩ መንገድ ሁሉ ይነግሩኝና ሰዓቴ ያልቃል። ‹ይህ ድልድይ፣ በዚህ ወንዝ ላይ፣ በጀቱ ጸድቆለት ለምን አልተሠራም?› ካልሁ ግን ስለዚያው ድልድይ መናገር ግድ ነው።»

ድልድይ ያሉት ያለ ምክንያት አልነበረም። ከጓሳ በር ገደል ሥር የሚያልፈው ወንዝ በክረምት አያሻግርም። ነርስ ሳሉ አንድ ጊዜ ከወዲህ ማዶ ቆመው፣ ምጥ የያዛት ሴት ከወዲያ ማዶ ቃሬዛ ላይ ተኝታ፣ ወንዙ ሞልቶ ሲተያዩ ውለዋል። የሚደረገውን በጩኸት ነግረው አዋለዷት። እናቲቱ ተረፈች፤ ልጁ አልተረፈም። ለዚያ ወንዝ ድልድይ በጀት ተያዘ ሲባል እንደ እርሳቸው የተደሰተ አልነበረም፤ ሥራው የለም የሚል ወሬ ሲመጣም እንደ እርሳቸው የተቃጠለ አልነበረም። «ማን ወርዶ ያይልኛል?» አሉ። «እኔ» አልሁ። ግንበኛ ነኝና ለእኔ የተገባ ሥራ ነበር።

ሄድሁ። ከገደሉ አፋፍ ስደርስ ጭጋግ ነበር፤ ጉልበቴም ያመኛል። ወደ ወንዙ መውረድና መመለስ ሙሉ ቀን ይፈጃል። ጭጋጉ ትንሽ ገለጥ ሲል የወዲያ ማዶውን ዳር አየሁ፤ የተካበ ነገር የለም። በቃ፣ አየሁ ብዬ ተመለስሁ። እኛ የደጋ ሰዎች ከአፋፍ ላይ ቆመን የቆላውን ከብትና ሰብል ስንቆጥር ስላደግን፣ ከላይ ያየነው ሁሉ ያየነው ይመስለናል።

ቤት ስገባ ልጄ ሙሉ፣ «አባባ፣ ወንዙ ድረስ ወርደው ነው ያዩት?» አለችኝ።

«አንቺ ነሽ ደግሞ አባትሽን የምትመረምሪ?» አልኋት። ዝም አለች።

ልጆቼን ያላዩትን አየን እንዳይሉ ገርፌ ያሳደግሁ ሰው ነኝ።

ወይዘሮ እንጉዳይ አዲስ አበባ ስለ ነበሩ በስልክ ተገናኘን። «በዓይንዎ አይተውታል?» አሉኝ። «አይቻለሁ፤ አንድ ድንጋይ አልተነሣም።» «ማን አብሮዎት ነበር?» «ብቻዬን ነበርሁ።» ለሌላ ሰው ቢሆን ምስክር ይዘው ይመለሱ ይሉት ነበር። ለእኔ ግን፣ «እርስዎ ካሉማ ይሁን» አሉ።

የምክር ቤቱ ስብሰባ በቴሌቪዥን ተላልፏልና የሆነውን ደባርቅ ሁሉ አይቶታል። ሻይ ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ወይዘሮ እንጉዳይ ተነሥተው በዚያ ዝግ ባለ ድምፃቸው፣ በጀቱ ጸድቆ ሳለ አንድ ድንጋይ እንኳ አለመነሣቱን ተናግረው ምክንያቱን ጠየቁ። ሚኒስትሩ ፎቶግራፍ ይዘው ነበር። ከወንዙ ዳር የቆሙ ሁለት ምሰሶዎች አሳዩ። ከዚያ ቀና ብለው፣ «ክብርት የምክር ቤት አባል ቦታውን ሄደው አይተውታል?» አሉ። አዳራሹ ሳቀ። ሻይ ቤቱም ሳቀ። እኔ ብርጭቆዬን አስቀምጬ ወጣሁ።

ዕረፍት ሲሆን መጀመሪያ የመጡት ከእኔ ቤት ነው። በርጩማው ላይ ተቀመጡ።

«አያ ታከለ፣ ከአፋፉ ላይ ነው ያዩት?»

«አዎ።»

አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ በወደድሁ። «በሉ ነገ አብረን እንወርዳለን» አሉ።

«ጉልበቴ…»

«በዝግታ ነዋ የምንወርደው።»

ወረድን። እኔ ባረፍሁ ቁጥር እርሳቸውም አብረው ያርፋሉ፤ አንድም ጊዜ ፍጠን አላሉኝም። ምሰሶዎቹ ልክ ከገደሉ ሥር፣ ከአፋፍ የቆመ ሰው ጨርሶ በማያይበት ቦታ ቆመዋል። ግንበኛ ሆኜ፣ የድልድይ ሥራ ከታች እንደሚጀመር እያወቅሁ፣ ከላይ ሆኜ ፈለግሁት! አንገቴን ደፍቼ ቆምሁ።

እርሳቸው ግን እኔን ለማሳፈር አልነበረም ያመጡኝ። «አሁን ሙያዎን ልጠይቅዎት» አሉኝ። «ይህ ሥራ ከቆመ ምን ያህል ሆነው?» ዞሬ አየሁት። ከምሰሶው አናት የወጣው ብረት ዝጎ ተላልጧል፤ የክረምቱ ደለል በግንቡ ላይ ሁለት መስመር ጥሏል። «ሁለት ክረምት አልፎበታል» አልሁ። «በምን አወቁ?» እያንዳንዱን በጣቴ አሳየኋቸው። ጻፉት፣ ፎቶ አነሡት፣ ከታች አስፈረሙኝ። በወንዙ ማዶ ያገኘናቸውን ሁለት ገበሬዎችም ጠይቀው ቃላቸውን ያዙ።

ሽቅብ ስንወጣ፣ «በሚቀጥለው ስሜን ይጥሩ፤ ያሳሳትሁ እኔ ነኝ» አልኋቸው።

«ወንበሩ ላይ የተቀመጥሁት እኔ ነኝ» አሉኝ። «ከአፌ ከወጣ ጥያቄው የእኔ ነው። ደንቤን ያፈረስሁትም እኔ ነኝ፤ ምስክር አልጠየቅሁዎትም።»

ሚኒስትሩ እንደገና ሪፖርት ሊያቀርቡ በመጡ ቀን ደባርቅ መብራት ጠፍቶ ዋለ። ስለዚህ ቀጥሎ የምጽፈውን ከእኛ ከተማ ያየው ሰው የለም ማለት ይቻላል። እኔ የማውቀው ኋላ ለምኜ ካመጡልኝ ቃለ ጉባኤ ነው፤ ፊደል እየቆጠርሁ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ።

ወይዘሮ እንጉዳይ መጀመሪያ እንዲህ አሉ፦ «ባለፈው አንድ ድንጋይ አልተነሣም ብዬ ነበር። ስህተት ነው። ሳላጣራ ተናግሬአለሁና ምክር ቤቱንና ክቡር ሚኒስትሩን ይቅርታ እጠይቃለሁ።» ቀጠሉ፦ «ክቡር ሚኒስትሩ ያሳዩን ፎቶግራፍ እውነተኛ ነው። ወርጄ ምሰሶዎቹን በእጄ ነክቻቸዋለሁ። ነገር ግን ሁለት ክረምት አልፎባቸው ምንም አልተጨመረባቸውም። ዛሬ የቀረበልን ሪፖርት ደግሞ ሥራው ወደ መጠናቀቁ ነው ይላል። ወንዙ ዳር ያለው ነው ትክክል ወይስ ወረቀቱ ላይ ያለው?»

ሚኒስትሩ፣ እናጣራለን አሉ። ወይዘሮ እንጉዳይ አፈ ጉባኤውን አስፈቅደው፣ «መቼ እንደሚያጣሩ ይመዝገብልኝ» አሉ። ተመዘገበ። ሚኒስትሩም የተመዘገበውን አክብረው ባለሙያዎች ይዘው መጡ፤ በእግራቸው ወርደው አዩ። ይህንን ልመሰክርላቸው ይገባል። ሥራው ተጀመረ፤ ድልድዩም አለቀ። ዛሬ በክረምት ቃሬዛ የያዘ ሰው በላዩ ይሻገራል።

በሕይወቴ ብዙ ግንብ ገንብቻለሁ፤ እንደዚያች አንዲት ገጽ ቃለ ጉባኤ ያኮራኝ ግን የለም። ከእኛ መካከል የወጣች ሴት በአገር ፊት ስህተቷን አስቀድማ ተናግራ፣ ከዚያ ሚኒስትር የጠየቀች ናት። ልጆች ያሏችሁ ይህን ንገሯቸው። መጠየቅ መብት ነው ብቻ ብላችሁ አታስተምሯቸው፤ ወርዶ ማየትም ግዴታ ነው በሏቸው።

የእኔ ነገር ግን ይቀራል። ደባርቅ ያየው የመጀመሪያውን ቀን ብቻ ነው፤ ስለዚህ ዋሸች እንደተባለ ቀረ። እኔ ደግሞ የማይዋሽ ሰው የሚል ስም አለኝ፤ ሽማግሌ ተብዬ የተጣላ አስታርቃለሁ። ያን ስም ላለማጣት ስል የእርሳቸው ስም በክፉ ሲነሣ እየሰማሁ ዓመታት አሳለፍሁ። ከድንኳኑ ስንመለስ ሙሉ፣ «አባባ፣ እርሳቸውስ ሞቱ፤ አሁን ማን ይናገርላቸው?» አለችኝ። በዚህኛው ጊዜ ዝም ያልሁት እኔ ነኝ። ከዚያም ገብቼ ይህን መጻፍ ጀመርሁ።

ወይዘሮ እንጉዳይ፣ እርስዎ አልዋሹም። የዋሸሁት እኔ ነኝ። በሕይወት ሳሉ፣ ሊሰሙኝ በሚችሉበት ጊዜ ይህን ማለት ነበረብኝ፤ ፈራሁ። በአርባዎ ቀን ከደጀ ሰላሙ ፊት ቆሜ ራሴ አነበዋለሁ። መጠየቅ የሚፈልግ ይጠይቀኝ፤ ጭጋጉንም ጉልበቴንም ምክንያት አላደርግም። ከዚያ በኋላ ሰው አስታርቀን ብሎ ባይጠራኝ እቀበለዋለሁ። እርስዎ በአዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት የተሸከሙልኝን እኔ በአንድ ደብር ሰው ፊት መሸከም አያቅተኝም። ፈጣሪ ነፍስዎን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፋት። ደህና ይሁኑ እኅቴ፤ ስምዎን አምጥቼልዎታለሁ።