የአያ ሲሳይ እግር

ሳቄ ሳይለቀኝ ነው የምጽፈው፤ ጨዋታው ያለው መጨረሻው ላይ ስለሆነ ታገሡኝ።

ያኔ ሰቆጣ ዳር ባለው ችግኝ ጣቢያ ችግኝ አጠጣ ነበር። አንድ ቀን ትንሽ ትራክተር መጣችልን። ማርሽ የሚባል ነገር የላትም፤ ፔዳሏን ሲረግጡት ትሄዳለች፣ ሲለቁት ትቆማለች። እንዲነዳት የተመረጠው ዕድሜውን በሙሉ በሬ ጠምዶ ያረሰው ታላቅ ወንድሜ፣ አያ ሲሳይ ነው። በመጀመሪያው ቀን ሁለት መደብ ችግኜን ደፍጥጦ አጥር ገጭቶ ቆመ።

"አትቆምም፤ ፍሬን የላትም" አለ።

ኃላፊው "ዛሬ ካልቆመች ሹፌሩ ይቀየራል" ብሎ መካኒክ አስጠራ። ወንድሜ ፊቱ አመድ መሰለ።

መካኒኩ የኋላ ጎማዎቿን ከመሬት አንሥቶ ድንጋይ ላይ አስቀመጣት። ፔዳሉን በእጁ ተጭኖ ሲለቀው ጎማዎቹ ቀጥ አሉ። ለማንኛውም ብሎ የፔዳሉን ብሎን አስተካከለ፣ ፍሬኑንም አጠበቀ። አውርዷት ወንድሜ ሲነዳት ግን ወደ እኔ መጣች፤ ቀሚሴን ሰብስቤ ሮጥኩ። እንደገና ድንጋይ ላይ፣ እንደገና ብሎን። ሦስት ጊዜ እንዲህ ሆነ፤ ምስኪኗ ያልተፈታ ነገር አልቀራትም።

በአራተኛው መካኒኩ ከጎኗ እየሮጠ የወንድሜን እግር ተመለከተ። ወንድሜ "ቁሚ" እያለ ፔዳሉን ባለ በሌለ ኃይሉ ይጫናል።

"አባቴ፣ እንድትቆም እኮ እግርዎን ማንሣት ነው" አለው።

አያ ሲሳይ በንቀት አየው። "ልጄ፣ አርሰህ አታውቅም መሰለኝ፤ በሬ እርፉን ሲጫኑት ይቆማል እንጂ፣ ሲያነሡለትማ ይሮጣል።"