በእንጉዳዩ ሱቅ ያደረግሁት

በሕይወቴ ሰው የደበደብኩት አንድ ጊዜ ነው። እሱም ሰባ ዓመት ያለፈው፣ በክብደት የእኔን ግማሽ የማይሞላ ቻይናዊ መድኃኒት ቀማሚ ነበር። ሱቁ ሴንት ፖል ከተማ፣ ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ላይ ነው፤ የከተማው ባቡር በዚያ መንገድ መመላለስ ከጀመረ አራት ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር።

ነገሩ የመጣው በታላቅ ወንድሜ ነው። ወንድም ጋሼ ነው የምለው። ልጆች ሳለን አባታችን ቀበቶውን ሲፈታ ከፊቴ እየቆመ ግርፋቴን የሚቀበልልኝ እሱ ነበር፤ ዘለበቱ የተወበት ጠባሳ ዛሬም ጀርባው ላይ አለ። እዚህ አገር ብዙ ዓመት ትራክ ሲነዳ ኖሮ እግሩ ላይ ደም ረጋበትና የደም ማቅጠኛ ክኒን ታዘዘለት። ክኒኑን ይውጣል፣ ድካሙ ግን አልለቀው አለ። እንቅልፍም አጣ። አንድ የሥራ ባልደረባው ስለ ቀዩ እንጉዳይ ነገረው። ቻይናዎቹ ሊንግዢ ይሉታል፤ እንደ እንጨት የጠነከረ፣ ላዩ ቫርኒሽ የተቀባ የሚመስል ነገር ነው። እሱን እያፈላ መጠጣት ጀመረ። ለእኔ አልነገረኝም። "የጅብ ጥላ ነው እንዴ የምትጠጣው?" ብዬ እንደምስቅበት ያውቃል።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ልጁ ደወለችልኝ። እዚሁ የተወለደች ናት፤ በአማርኛ ስናናግራት የምትመልሰው በእንግሊዝኛ ነው። የዚያን ቀን ግን በአማርኛ "አጎቴ ና፣ ደም" አለችኝ። ኒው ሆፕ ወዳለው አፓርትመንታቸው ድራይቭ አድርጌ ስደርስ ወንድሜ መታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ተቀምጧል። ከአፍንጫው የሚወርደው ደም ሁለት ፎጣ አርሶ ሸሚዙ ላይ ይንጠባጠባል። አፉን ሲከፍት ጥርሱ ሁሉ ቀይ ነው። አምቡላንስ ወሰደው።

ኢመርጀንሲ ውስጥ ሐኪሟ ሌላ የሚወስደው ነገር እንዳለ ጠየቀችን። ልጅቷ ከኪችን ይዛው የመጣችውን የወረቀት ከረጢት ሰጠቻት። ሐኪሟ ውስጡን አየችና "ይሄ ከደም ማቅጠኛ ጋር ሲወሰድ መድማቱን ሊያባብስ ይችላል። የሸጠለት ሰው ሊጠይቀው ይገባ ነበር" አለች። ከዚያ ወዲያ ያለችውን አልሰማሁም። ከረጢቱ ላይ የሱቁ አድራሻ ነበር።

ስገባ ሽማግሌው ከባንኮኒው ጀርባ ቆሞ እጀታ ባለው ትልቅ መቁረጫ እንጉዳይ ይቆርጣል።

"ይሄን የሸጥከው አንተ ነህ?" ብዬ ከረጢቱን ፊቱ ላይ ወረወርኩት።

እጁን ዘረጋ፤ ሊያረጋጋኝ ይሁን ራሱን ሊከላከል አላውቅም። ኮሌታውን ይዤ ወደ ባንኮኒው ጎተትኩትና አፉን በቡጢ መታሁት። መነጽሩ ጣቶቼ ላይ ተሰበረ። ሲወድቅ በቀኝ እጁ ወለሉን ሊደገፍ ሞከረ፤ አንጓው ሲሰበር ድምፁን ሰማሁት። እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ። አላቆምኩም። ባንኮኒውን ዞሬ መደርደሪያውን ጎትቼ ጣልኩት። የመስታወት ማሰሮዎቹ ተሰባብረው ቀይና ጥቁር እንጉዳይ፣ ሥራ ሥር፣ ስባሪ ሁሉ ላዩ ላይ ፈሰሰ። ሽማግሌው ጭንቅላቱን በክንዱ ሸፍኖ ተኮራመተ፤ እኔ ልጅ ሳለሁ አባቴ ፊት እኮራመት እንደነበረው። ይህንን እያየሁም ጎኑን በእርግጫ መታሁት።

የሽማግሌው ሴት ልጅ ከጓዳ ወጣች፤ በዕድሜ እኩያዬ ትሆናለች። የነሐስ ዘነዘና አንስታ ጆሮ ግንዴን አለችኝ። ተንበረከክሁ። ሁለተኛው ምት ከንፈሬን ተረተረው።

"ወንድሜን ልትገድሉት ነው" አልኳት።

ስሙን ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ዘነዘናውን ሳትለቅ መሳቢያ ከፍታ አንድ ወረቀት ፈለገችና ፊቴ ጣለችው። ደንበኛ ሁሉ የሚሞላው ቅጽ ነው። ደም ማቅጠኛ ትወስዳለህ ወይ ለሚለው ጥያቄ "አልወስድም" የሚለው ላይ ምልክት ተደርጓል። ከታች የወንድሜ ፊርማ አለ።

"አባቴ ሦስት ጊዜ ጠይቆታል" አለችኝ።

የከንፈሬ ደም ወረቀቱ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። ፖሊሶቹ ሲመጡ ሳይጠይቁኝ እጄን ወደ ኋላ አደረግሁ።

ወንድሜ ዳነ። በዋስ ወጥቼ ቤቱ ስሄድ ሶፋ ላይ ጋደም ብሏል።

"ለምን ዋሸህ?" አልኩት።

"እውነቱን ብናገር አይሸጥልኝማ። ደክሞኝ ነበር።" ከዚያ የከንፈሬን ስፌት አየና "አንተንስ ማን ላከህ?" አለኝ።

እጄ ተነሣ። በአየር ላይ እንዳለ ያዝኩት፤ እሱ ግን አይቶታል። ሕይወቱን ሙሉ ለእኔ የተሰነዘረውን ዱላ ሲመክት የኖረ ሰው ክንዱን ፊቱ ላይ አድርጎ ጠበቀኝ። ሳልሰናበተው ወጣሁ።

ፍርድ ቤት ጥፋቴን አመንኩ። ጥቂት ወራት ታሰርኩ፤ በሽተኛ የማመላልስበትን ሥራም አጣሁ። ቅጣቴ ከመነገሩ በፊት ሽማግሌውን ይቅርታ ጠየቅሁት፤ አስተርጓሚው ቃል በቃል ነገረው። እሱም ብረት የገባበትን እጁን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ ቀስ እያለ መለሰ።

"ሃምሳ ዓመት መድኃኒት የቆረጥኩበት እጅ ነው። አሁን ማንኪያ አይይዝልኝም። ይቅርታህን ሰምቻለሁ፤ አልተቀበልኩትም።"

ወደ ሱቁ እንዳልጠጋ ተከልክያለሁ። ስፈታ ወንድሜ ደጅ ቆሞ ጠበቀኝ። መኪና ውስጥ፣ ብቻውን ሱቁ ድረስ ሄዶ እንደነበር ነገረኝ። የሽማግሌው ሴት ልጅ በር ላይ አቁማ እስኪጨርስ ሰማችው፤ ከዚያ በሩን ዘጋችበት።

"ምን አልካት?" አልኩት።

"ውሸቱ የእኔ ነው አልኳት። ዱላው ግን የአንተ ነው፤ እሱን ልሸከምልህ አልችልም።"