ለፓርላማ ዕጩ የላክናቸው ሽማግሌዎች

ድምፅ ሰጥቼ አላውቅም። ከአገሬ የወጣሁት ዕድሜዬ ለመምረጥ ሳይደርስ ነው፤ እዚህ ጆሃንስበርግ ደግሞ የጥገኝነት ወረቀት ይዞ የሚመርጥ የለም። ያም ሆኖ የዚህን ክፍለ ሀገር ምርጫ ከብዙ መራጮች በተሻለ አውቀዋለሁ። «ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው» የሚለኝ ካለ ይበለኝ። ከከተማዋ ዳር ባለው የድሆች ሰፈር በዲፕስሉት ከሱቅ ባንኮኒ ጀርባ ዓመታት የቆመ ሰው ባይፈልግም ያውቃል፤ ዳቦ ሊገዛ የሚመጣ ሁሉ የሚያማውን ፓርቲም ይዞ ነው የሚመጣው።

መጀመሪያ ባየሁት ምርጫ ማን እንደሚያሸንፍ የሚጠይቅ አልነበረም። ትልቁ ፓርቲ ያሸንፋል፤ ክርክሩ በምን ያህል ነው በሚለው ላይ ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ ከምርጫ ወደ ምርጫ ድምፁ እየሳሳ ሄደ፤ የሚያሙት በዙ፣ ጭራሽ የማይመርጡትም በዙ። ምርጫ በመጣ ቁጥር ማግሥቱን ድምፅ የሚሰጥበት ትምህርት ቤት በር ላይ የተለጠፈውን ውጤት አንብቤ እመለሳለሁ። ደንበኞቼ «ማይ ፍሬንድ፣ የእኛ ሰፈር ለማን ሰጠ?» ብለው የሚጠይቁት እኔን ነበር። ዜጋው ስለ ገዛ ሰፈሩ ድምፅ ባዕዱን ሲጠይቅ ያስቀኝ ነበር፤ እውነቱን ልናገርና ደስም ይለኝ ነበር።

አንድ ነገር ግን ቶሎ አልገባኝም። እኛ አገር አንድ አካባቢ ለፓርላማ አንድ ሰው ይልካል። ያ ሰው «የእኛ ተመራጭ» ይባላል፤ ሠራም አልሠራም የሚወቀስ ስም አለው። እዚህ ለአገሩ ፓርላማ እንዲህ ያለ ሰው የለም። ጆሃንስበርግ፣ ፕሪቶሪያና በዙሪያቸው ያሉት ከተሞች ሁሉ ተጠቃለው አንድ የምርጫ ክልል ናቸው፤ ከዚያ ክልል በደርዘን የሚቆጠሩ ሰዎች በአንድ ላይ ይገባሉ። መራጩ ምልክት የሚያደርገው ለፓርቲ ነው። ፓርቲው ሰዎቹን አስቀድሞ በተራ ያሰልፋል፤ ባገኘው ድምፅ ልክ ከላይ ጀምረው ይገባሉ። ስለዚህ «ዲፕስሉትን የሚወክለው ማነው?» ቢባል መልሱ «ሁሉም» ነው። ይህ ማለት ማንም ማለት እንደሆነ ለመረዳት ብዙ መማር አያስፈልግም።

ሱቄ ያለበት ግቢ ባላቸው የሞቱባቸው አንዲት አሮጊት ግቢ ነው። እኔ «ማማ» እላቸዋለሁ፤ እሳቸው «ምንታናሚ» ይሉኛል፣ ልጄ ማለታቸው ነው። አንድ ክረምት ሳል ጥሎኝ ስተኛ ሾርባ እያመላለሱ ያዳኑኝ እሳቸው ናቸው። የወለዷት አንዲት ሴት ልጅ አለቻቸው። የተማረች፣ ንግግር የምትችል፣ ቁጡ ሴት ናት። ባለፈው አገር አቀፍ ምርጫ አንድ አዲስ ፓርቲ በክፍለ ሀገሩ ዝርዝር ውስጥ ዕጩ አደረጋት። ፓርቲው አጥብቆ ከሚናገራቸው ነገሮች አንዱ «ሎኬሽን» በሚባሉት እንደ ዲፕስሉት ባሉ የጥቁሮች ሰፈሮች ያሉ ሱቆች ከውጭ አገር ሰው እጅ ወጥተው ለተወላጁ ይመለሱ የሚል ነበር። እሷም ይህንኑ በየመንገዱ ስትሰብክ ውላ፣ ጉሮሮዋ ሲደርቅ ከእኔ ሱቅ ለስላሳ ገዝታ ትጠጣ ነበር።

ወሬው መሃል ከተማ፣ ጀፕስታውን ያሉ የአገራችን ነጋዴዎች ጋ ደረሰ። እነሱ በአገራችን ልማድ ነው ያሰቡት፤ የዲፕስሉት ዕጩ የአከራዬ ልጅ ናት፣ ካሸነፈች የሱቄ ነገር በእጇ ነው፣ ስለዚህ ሳይዘገይ ሽማግሌ ይላክ አሉ። «የዲፕስሉት ዕጩ የሚባል ነገር የለም፤ የክልሉ ሁሉ ዕጩ ናት፤ ያውም ከዝርዝሩ ታች» ብዬ ላስረዳ ሞከርኩ።

«እናቷ የት ነው የምትኖረው?» አለኝ አንዱ።

«ዲፕስሉት።»

«እና ታዲያ! ሰው ለእናቱ ሰፈር ካልተወዳደረ ለማን ይወዳደራል?»

ሁሉም ሳቀብኝ። እኔም ሱቄን እንዳላጣ ከልቤ እፈራ ነበርና አልተከራከርኩም።

ሽማግሌዎቹ ቅዳሜ ከሰዓት መጡ። ሦስት ናቸው። ንግግሩን የያዙት በጅምላ ብርድ ልብስ የሚሸጡት ሐጂ ናቸው፤ ሁለት ወፋፍራም ብርድ ልብስም ለስጦታ አስይዘው ነበር። ማማና ልጅቱ ከቤት ወንበር አወጡላቸው። ሦስቱም ቆመው ቀሩ።

ማማ ወንበሩን በሽርጣቸው ጠረግ ጠረግ አደረጉና «ቆሽሾ ነው?» አሉኝ።

«አይደለም ማማ፣ ልማዳችን ነው። የመጡበት ጉዳይ እሺ ካልተባለ አይቀመጡም።»

«የመጡበት ምንድነው? ልጄን ለጋብቻ ነው?»

ልጅቱ ከት ብላ ሳቀች። እኔን ላብ አጠመቀኝ። የግቢው አጥር ሽቦ ነውና ጎረቤቱ ሁሉ ሥራውን ትቶ ያያል።

ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጃችን፣ የዚህ አካባቢ ወንበር ላንቺ መታሰቡን ሰምተን ደስ ብሎናል» አሉ። «እኛ እንግዶች ነን። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ነውና በፖለቲካችሁ አንገባም። አንድ ነገር ብቻ እንለምንሻለን፤ ሥልጣን ስትይዢ ይህን ልጅ ከእናትሽ ግቢ አታስወጪብን።»

ሰርዶውንና በሬውን ትቼ የቀረውን ተረጎምኩላት።

«ንገራቸው» አለችኝ፤ «የዚህ አካባቢ ወንበር የሚባል የለም። የታክሲ ሰልፍ ያውቁ የለ? ሰው ብዙ ድምፅ ከሰጠን ብዙ ታክሲ ይመጣል፤ ጥቂት ከሰጠን አንዷ መጥታ ፊት ያሉትን ጭና ትሄዳለች። እኔ የቆምኩት ከሰልፉ ጅራት ነው። እኔን የሚወስድ ታክሲ አይመጣም።»

ይህንን ስተረጉምላቸው ሐጂ በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁ። «ትሕትናዋን አያችሁ?» አሉ ወደ ጓደኞቻቸው ዞረው። «ይቺ ልጅ ትልቅ ቦታ ትደርሳለች።»

ትሕትና ሳይሆን ሒሳብ ነው ብል ማን ይሰማኛል። ሽማግሌዎቹ ቆመዋል፣ ፀሐዩ በርትቷል፣ ማማ አፍረዋል። በመጨረሻ ልጅቱ እጇን አነሳችና «እሺ፣ ፓርላማ ከገባሁ አልነካውም» አለች። እንደማትገባ ስለምታውቅ ቃሉ አልከበዳትም። ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ፤ ብርድ ልብሱን ሰጡ፤ ከዚያም «ወንበርሽን ያጽናልሽ፣ ጠላትሽን ያስገዛልሽ» ብለው መረቁ። ከጠላቶቿ መካከል እኛም እንዳለንበት እያወቅኩ እኔም አሜን አልኩ።

የስህተታችን ዋጋ የታወቀን ዘግይቶ ነው። ከዚያ ቀን በፊት ሰፈሩ የማማን ልጅ ከቁም ነገር አይቆጥራትም ነበር። ሽበታሞች ከከተማ ድረስ መጥተው፣ ፊቷ ቆመው፣ ብርድ ልብስ ሰጥተው መሄዳቸው ግን በአንድ ሳምንት ዲፕስሉትን አዳረሰ። ዳቦ የሚገዛው ሁሉ «እንዲህ የምትከበር ናት እንዴ?» ይለኝ ጀመር። የፓርቲው ሰዎች በብዙ ልፋት ያላመጡላትን ስም እኛ በሁለት ብርድ ልብስ ሰጠናት።

በምርጫው ዕለት ማማ ጎህ ሲቀድ ወጥተው ተሰለፉ። የዚያን ዓመት ለእያንዳንዱ መራጭ የሚሰጠው ወረቀት ሦስት ሆኖ ነበር፤ አንዱ ለአገሩ፣ አንዱ ለክልሉ የፓርላማ ወንበሮች፣ አንዱ ለክፍለ ሀገሩ ምክር ቤት። ሲመለሱ ሳልጠይቃቸው «ሦስቱንም ለልጄ ፓርቲ ሰጠሁ» አሉኝ። ከፋኝ። እኛ ጋ «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል» ይባላል፤ ከሦስቱ አንዷን እንኳ ለእኔ ለሚራራ ፓርቲ ቢሰጡልኝ ምን ነበረበት ብዬ አሰብኩ። ግን የወለደ ሰው ሌላ ምን ያደርጋል?

ፓርቲው በክልሉ ያገኘው ጥቂት ነበር። አንዷ ታክሲ መጣች፣ ፊት የቆሙትን ጫነች፣ ሄደች። ልጅቱ ቀረች። እኔ ተመስገን ብዬ ሱቄን ከፈትኩ፤ ሐጂም ስልክ ደውለው «አይዞህ፣ በሚቀጥለው ትገባለች» ብለው አጽናኑኝ። የትምህርት ቤቱን በር ሳነብ ግን አንድ ነገር አየሁ። ፓርቲው በሌላው ሰፈር ከጅራት ሲሆን በእኛ ሰፈር ሁለተኛ ወጥቶ ነበር። ይህንን ያየሁት እኔ ብቻ አልነበርኩም።

የከተማው ምርጫ ሲቃረብ ፓርቲው ልጅቱን ለዋርዳችን አቀረባት። ዋርድ የእኛን ቀበሌ የመሰለ ነው፤ እዚያ ዝርዝርም ሰልፍም የለም፤ አንድ ሰው ያሸንፋል፣ ያ ሰው የሰፈሩ ነው። ሽማግሌዎቻችን የፈለጉት ወንበር ይኸውና ተገኘ። እኔ ወዲያው ገባኝ። መላው ክፍለ ሀገር በሚመርጥበት ጊዜ ስለ እናቷ ግቢ የሚያውቅ ስላልነበረ የሚጠይቅም አልነበረም። የዋርዱ መራጭ ግን ዳቦ የሚገዛው ከእናቷ ግቢ፣ ከእኔ ነው።

ማማ አንድ ጠዋት መጡና ምንም ሳይገዙ ባዶ የለስላሳ ሣጥን ላይ ተቀመጡ። ሽርጣቸውን ያጥፋሉ፣ ይዘረጋሉ።

«ሰው ይጠይቃታል» አሉኝ። «የእናትሽ ግቢ ውስጥ ያለው ሱቅ የማነው ይሏታል።»

«አውቃለሁ ማማ።»

«ሱቁ ይነሳ የሚለውን ያመጣችው እሷ አይደለችም። እኔ ነኝ ያሰብኩት። ለአንዲት ልጄ እንቅፋት መሆን አልፈልግም።»

ልጅቱ ለሽማግሌዎቹ የሰጠችው ቃል ትዝ አለኝ። ቃሏ ግን ለፓርላማ እንጂ ለዋርድ አልነበረም፤ ጠበቃም ብይዝ አያሸንፍበትም። ደግሞም ማማ እያለቀሱ ነበር።

«የት ትሄዳለህ?» አሉኝ።

«ኮዝሞ ሲቲ የአገሬ ልጆች አሉ።»

አንድ ደንበኛ ሳሙና ገዝቶ ሄደ። ከዚያ ማማ ቀና ብለው ሰፈሩ ሁሉ የሚጠይቀኝን ጥያቄ ጠየቁኝ።

«ምንታናሚ፣ ይህን ሰፈር አንተ ታውቀዋለህ። እውነቱን ንገረኝ። አንተ ከሄድክልን ታሸንፋለች?»

ታክሲ ማቆሚያው አካባቢ ያሉትን አሰብኩ፤ ከወንዙ ማዶ ያሉትን አሰብኩ፤ በእኔ ምክንያት ብቻ የሚያሟትን አንድ በአንድ አሰብኩ። «አታሸንፍም» ብላቸው ያምኑኛል። አንዲት ቃል ናት፤ ካመኑኝ ደግሞ የሚያስወጡኝ ምክንያት የለም። ግን በዚህ ባንኮኒ ላይ ውጤት ሲጠይቁኝ ዋሽቼ አላውቅም።

«ታሸንፋለች ማማ» አልኳቸው።