ትንሽ ትጠጣለች፣ ብዙ ትሄዳለች

በደርግ ዘመን፣ ቤንዚን በኩፖን በሆነበት ሰሞን፣ አንዲት ትንሽ የጣሊያን መኪና ነበረችኝ። አንዋር መስጊድ አጠገብ ወዳለው ሱቄ በርበሬና ኮረሪማ የማመጣው በእሷ ነበር። ቀበሌያችን «ለዘመቻ ሥራ» መኪና ሊመዘግብ ነው ሲባል ሳልቀደም ልሸጣት ቆረጥኩ። ተመዝግባ የሄደች መኪና ስትመለስ ያየ ሰው አልነበረማ።

የኋላ መስታወቷ ላይ ማስታወቂያ እንዲጽፍልኝ ምን አለሽ ተራ አንድ ሠዓሊ ዘንድ ወሰድኳት። የቀበሌውን መፈክር ሁሉ የሚጽፈው እሱ ነው፤ እጁ ሌላ አያውቅም።

«‹ለሰፊው ሕዝብ የቀረበች› ልበልልህ?»

«አንተ ሰው፣ ሦስተኛው ሰው ሲገባ ጉልበቱ አገጩን ይነካል። ሰፊውን ሕዝብ የት ላድርገው?»

«‹ወዛደሩን የምታገለግል›ስ?»

«ወዛደሩ በእግሩ ነው የሚሄደው። ገዢ አምጣልኝ እንጂ!»

ከሦስት ብርጭቆ ሻይ በኋላ «ትንሽ ትጠጣለች፣ ብዙ ትሄዳለች» ላይ ተስማማን። አጠጣጧን የማውቀው እኔ ነኝ፤ ዳገት ባየች ቁጥር ሠርግ ቤት እንደገባ ሰው ነበር የምትጠጣው።

ሱቄ ደጃፍ አቆምኳት። ማስታወቂያው በማግስቱ ሠራ፤ ከሁሉ ቀድሞ የመጣው ግን የቀበሌው ሊቀመንበር ነበር። ዞራት፣ አነበበ፣ ደግሞ አነበበ።

«ለዘመቻ የምትሆነን ይቺ ናት።»

ደነገጥኩ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ማስታወቂያ እኮ ነው! በቀለም የተጻፈ ነገር ማን ያምናል?»

ቀና አለ። ከራሳችን በላይ ከጣሪያ ጣሪያ መፈክር ያለበት ቀይ ጨርቅ ተወጥሯል፤ ያው ሠዓሊ፣ ያው እጅ፣ ያው ነጭ ቀለም። ጎረቤቶቼን ድንገት ዕቃ መደርደር አማራቸው።

«ምን አልክ?»

«ምንም።»

«እኔም አልሰማሁም» አለና መዳፉን ዘረጋ። ቁልፉን አስቀመጥኩለት።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ዳገቱ ላይ አገኘኋት። ጽሑፏ እንዳለ ነው። ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ጠመንጃ አንግተው ይገፏታል፤ ሊቀመንበሩ መሪው ላይ ተጣጥፏል፤ ከጎኑ የሚስቱ ዘንቢል፣ ከዘንቢሉ ጎመን ብቅ ብሏል። ዘመቻው ይኸው ነበር።

«አንተ!» ብሎ ጮኸብኝ። «ትንሽ ትጠጣለች አላልክም?»

«ማስታወቂያ ነው ብዬዎት ነበር እኮ፣ ጓድ ሊቀመንበር» አልኩና እጅጌዬን ሰብስቤ አብሬ ገፋሁ።