የሚፈታው ሰሚው ነው

ይህ ታሪክ ለመነገር ይበቃ እንደሆነ እጠራጠራለሁ። ዓመታት የታሰሩ ሰዎች እያሉ የእኔ የሦስት ሳምንት እስር ምን ይወራለታል? ሆኖም አንዱን ቀን አጥርቼ ስለማስታውሰው እጽፈዋለሁ።

የያዙኝ አሰላ ውስጥ፣ በተማሪዎች የሥነ ጽሑፍ ዝግጅት ላይ ሁለት ስንኝ ካነበብኩ በኋላ ነው። ያስገቡኝ የፖሊስ ጣቢያ ክፍል ጠባብ ነበረች፤ የጭላሎ ተራራ ብርድ ከሲሚንቶው ወለል ወደ አጥንት ይወጣል። ውስጥ ሁለት ሰዎች አገኘሁ፦ በመሬት ክርክር ከሁሩታ የመጡ መሪጌታና አንድ የባጃጅ ሹፌር።

«አንተስ በምንድን ነው?» አለኝ ሹፌሩ።

«በግጥም።»

«ወላሂ? እኔ እንኳ አጥር ገጭቼ ነው። ያንተ ግጥም ማንን ገጨ?»

መርማሪውም ማወቅ የፈለገው ይህንኑ ነበር። በመጀመሪያው ቀን «ሰምና ወርቅ ምንድን ነው?» ሲለኝ ፈተና ላይ የተቀመጥኩ መሰለኝ። አንድ ቃል ሁለት ፍቺ እንዴት እንደሚሸከም፣ ከነምሳሌው፣ አንድ ገጽ ሙሉ አሳምሬ ጻፍኩለት። የጀመርኩት «መምህራችን እንዳስተማሩን» ብዬ ነው። መርማሪው ከዚያ ሐረግ ሥር አሰመረበት።

«ጎበዝ! ነገ ደግሞ የራስህን ስንኝ ወርቅ ትጽፍልኛለህ። ስንኙን ያቀበሉኝ መምህሬ ናቸው ብለህ ከፈረምክ ለፈተናህ ትደርሳለህ።»

ፈተናው ሊጀመር አራት ቀን ቀርቶታል። መምህሬ ስንኙን ጨርሶ አያውቁትም።

መሪጌታ በሶ እየበጠበጡ አዳመጡኝ። «ልጄ፣ በቅኔ ቤት ቅኔውን የዘረፈው ተናግሮ ዝም ይላል። የሚፈታው ሰሚው ነው። ተሳስቶ ከፈታም ስሕተቱ የፈቺው ነው።»

«መሪጌታ፣ እዚህ ቤት ‹ዘረፈ› አይበሉ፤ ክስ ይጨምሩብዎታል!» አለ ሹፌሩ። እሳቸውም ሳቁ።

በማግሥቱ ጠዋት መርማሪው ወረቀትና ብዕር ሰጠኝ።

«ስንኙ የእኔ ብቻ ነው። በሙያው ሥርዓት ግን የሚፈታው ሰሚው ነው። እርስዎ የሰሙትን ወርቅ ይጻፉና ይፈርሙበት፤ እኔ ከስንኙ ሥር እፈርማለሁ።»

«ትቀልድብኛለህ?»

«አልቀልድም።»

ብዕሩን ከእጄ ወሰደ። ስንኙ ነካው ብሎ የጠረጠረውን የባለሥልጣን ስም ቢጽፍ፣ ሰውየውን በጽሑፍ የነቀፈው እሱ ራሱ ሊሆን ነው። ምንም ሳይጽፍ ብዕሩን መለሰልኝ። ሁለቱን ስንኞች ጽፌ ሙሉ ስሜን ከሥራቸው አኖርኩ። የመምህሬን ስም አልጻፍኩም።

«ውሰዱት!» አለ ጠባቂዎቹን።

ፈተናው አመለጠኝ። ዘንድሮም የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ ከኋላዬ ከመጡት ጋር ፊት ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። ስለዚያ ጠዋት ለመምህሬ አልነገርኳቸውም። ጠመኔያቸውን ይዘው ሲገቡ ማየቱ ይበቃኛል።

ከጣቢያው ያለ ክስ የወጣሁት በግንቦት ሚካኤል ማግሥት ነው።