አንድ መነጽር ለሦስት ዓይን

ጥይቷ ጉንጬን ስትመታኝ መጀመሪያ ተርብ የነደፈኝ ነው የመሰለኝ። እጄን ሰደድኩ፤ ጣቴ ደም ይዞ ተመለሰ። ደሙን ትቼ ቦታውን ዳሰስኩ። ከግራ ዓይኔ ሥር፣ አጥንቱ ላይ፤ በጥይቷና በዓይኔ መካከል አንድ ጣት እንኳ አያስገባም። ምስር የምታክል እርሳስ ተጣማ እግሬ ሥር ወድቃለች። አንስቼ መዳፌ ላይ ያዝኳትና እዚያው ቁጭ አልኩ።

ማንም ወደ እኔ አልተኮሰም። ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከተማ ከትልቁ የእህል ጎተራ ባሻገር ባለው ሜዳ ላይ አጎቴ የፊኛ ተኩስ ያጫውት ነበር። ያኔ ከተማው ጠመንጃን ለጨዋታም የሚያይበት ጊዜ ነው፤ ዛሬ የአየር ጠመንጃ ተሸክሞ ኬላ የሚደርስ ሰው ቤቱ መመለሱን እንጃ። ያለን ሁለት የአየር ጠመንጃ፣ በእንጨት ላይ የተወጠረ ሰፊ ቆርቆሮ፣ ቆርቆሮው ላይ በክር የተደረደሩ ፊኛዎች ነበሩ። እኔ ሁለተኛ ደረጃ ጨርሼ ፊኛ ነፊ ሆኛለሁ። እነፋለሁ፣ በፈነዳው ቦታ ሌላ እሰቅላለሁ። ሕግ የሚባል አልነበረንም። አንዱ ጠመንጃ ሲተኩስ እኔ በሌላው በኩል እሰቅላለሁ፤ ደንበኛ መጠበቅ አይወድም። ጥይቷ ፊኛውን አልፋ ቆርቆሮውን ስትመታ «ቋ» ትላለች። ከዚያ በኋላ ወዴት እንደምትሄድ አንድም ቀን ጠይቀን አናውቅም፤ ያን ቀን ነጥራ ወደ ጉንጬ መጣች።

«ጭረት ናት» አለኝ አጎቴ፣ በመሐረቡ ጉንጬን እየጠረገ።

«ጋሼ፣ ቆርቆሮውን አውጣውና ጆንያ እንስቀል።»

«ጆንያ ድምፅ አለው? ሰው የሚከፍለው ለድምፁ ነው እኮ። ፊኛማ በመርፌም ይፈነዳል።»

«እንግዲያው እኔ አልገባም።»

«ኢድ በሦስት ቀን ነው፣ አንቺ።»

«ይምጣ። ዓይን ይዞልኝ አይመጣ።»

ሳቀ። አጎቴ የእናቴ ወንድም ነው። ከመተማ በኩል ለሰሊጥ አጨዳ መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነው። የግራ ዓይኑ ሞራ ለብሷል፤ ባሱንዳ እርሻ ላይ ሰሊጥ ሲያጭድ አገዳ ወግቶት ነው ይባላል። ቤተሰቡ በሙሉ ስለዚያ ዓይን ሰሊጥን ሲራገም ኖሯል። እሱ ግን «ለተኳሽ አንድ ዓይን ይበቃዋል፣ ሌላውን ሁሉም ሰው ይጨፍነዋል» እያለ ይቀልዳል፤ ደንበኛም ይስቅለታል።

ያን ቀን ወደ ቤት ስመለስ ግራ ዓይኔን በእጄ ሸፍኜ መንገዱን ሞከርኩት። እንዴት እንደሚሆን ማወቅ ፈልጌ ነው። መቶ እርምጃ እንኳ ሳልሄድ አንድ ራክሻ፣ የእኛው ባጃጅ፣ በግራዬ መጥቶ ቀሚሴን ታክኮ አለፈ። ሾፌሩ ባለሦስት እግሯን አቁሞ በዓረብኛ ሰደበኝ። መምጣቱን አላየሁም፤ ግማሹ ከተማ ጠፍቶ ነበር። ቤት እስክደርስ አልጠበቅሁም፤ እዚያው ቆሜ እጄን ከዓይኔ ላይ አነሳሁና በሁለት እጄ ግንብ ያዝኩ።

በማግስቱ ሱቅ ወጣሁ። መነጽር ፍለጋ ነው፤ በሱዳኖቹ አፍ ነዳራ። መጀመሪያ ያገኘኝ የፀሐይ መነጽር በሰሌዳ ላይ ደርድሮ የሚያዞር ሱዳናዊ ነበር። «ኦሪጅናል ነው፣ መያ መያ» አለኝ፤ መቶ በመቶ ማለቱ ነው። ጥይት ይመልሳል ወይ አልኩት። «ፀሐይን የመለሰ ጥይት ያቅተዋል?» አለኝ። ይሄን የመሰለ ደረቅ ውሸት ሰምቼ ስለማላውቅ አንዱን ገዛሁት። ከዚያ ሠፈራችን ያለውን ብረት በያጅ ለምኜ የድሮ መነጽሩን ተዋስኩ። መስታወቱ ወፍራም፣ እጅ ላይ ከበድ የሚል ነው። ልቤ እዚያ ላይ ነበር። ከባድ ነገር ያምኑታል።

ሦስተኛውን መነጽር ያገኘሁት ሐጂ ዘንድ ነው። ሐጂ የጎንደር ሰው ናቸው፤ እኔ ሳልወለድ ጀምሮ ገዳሪፍ የሥራ ዕቃ ሲሸጡ የኖሩ። ጉንጬ ላይ ያለውን ፕላስተር አይተው፣

«ባል ነው?» አሉኝ።

«ባል የለኝም። ጥይት ነው።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ። ለየትኛው እንደሆነ አልነገሩኝም።

የሆነውን አጫወትኳቸው። ከላይኛው መደርደሪያ ጥርት ያለ የፕላስቲክ መነጽር አወረዱ። በጎን በኩል እንደ ጉንጭ የሚዞር ክንፍ አለው። አነሳሁት፤ ምንም አይከብድም፤ የልጅ መጫወቻ ነው የሚመስለው።

«ይሄማ በእጄ ይሰበራል።»

«ስበሪው።»

ጠመዘዝኩት። ተጣጥፎ ተመለሰ።

«አድርጊው እስቲ» አሉኝ። አደረግሁት። ጣታቸውን አምጥተው በጆሮ ግንዴና በመነጽሩ መካከል ሊያስገቡ ሞከሩ፤ አልገባም። ያንን ኦሪጅናል አስደርገውኝ ሲሞክሩ ጣታቸው እስከ ዓይኔ ሽፋሽፍት ደረሰ። «ጣት የሚገባበት ጥይትም ይገባበታል። አንቺን የመታሽ ከጎን ነው አላልሽም?»

ከዚያ ክንፉን ገልብጠው አሳዩኝ። ከፕላስቲኩ ጋር አብረው የወጡ ትናንሽ ፊደላት አሉ። «ወረቀት ለጥፎ የሚያመጣም አለ። ወረቀት ማንም ይለጥፋል። ይሄ ግን ከአካሉ ጋር የተቀረጸ ነው።»

«ምን ይላል?»

«ብረት ሲሞረድ የሚፈናጠረውን ይመልሳል ነው። የጥይት ነው አላለም፤ እኔም አልልሽ። ለተኳሽ ተብሎ የሚሠራ ሌላ አለ ይላሉ፤ እዚህ አገር በዓይኔ አላየሁም። ነጥሮ ለሚመጣ ይሻልሻል። ፊት ለፊት ለሚመጣ ዋስ አልሆንሽም።»

«ታዲያ በምን ልመን?»

«ትሞክሪዋለሻ። ግን የሞከርሽውን እንዳታደርጊው። አንዴ የተመታ ዕቃ ውስጡን አታውቂውም። የነቃ ገንቦ ውሃ እስኪሞሉት ድረስ ደኅና ነው።»

ይሄ ነገር አናደደኝ። የሞከርኩትን ማድረግ የለብኝም፤ የማደርገውን መሞከር አልችልም። «ታዲያ ምኑን አወቅሁት?» አልኳቸው።

«እህቱን ታውቂያለሽ» አሉኝ።

ከካርቶኑ የቀሩት ሁለት ብቻ ነበሩ። ሌላ ከፖርት ሱዳን የሚመጣው ከኢድ በኋላ ነው። ሁለቱንም ወሰድኩ፤ አንዱን ላስመታው፣ አንዱን እኔው ላደርገው። ስለ አጎቴ አላሰብኩም። እሱ «መነጽር አድርጌ ሽማግሌ ልምሰል?» ብሎኝ ነበርና።

ለኢድ አንድ ቀን ሲቀር ጠዋት፣ ሜዳው ላይ ዋልካ አቡክቼ የሰው ራስ የሚያክል ጭቃ ሠራሁ። የገዳሪፍ ጥቁር አፈር የያዙትን ቅርፅ ይይዛል። አፍንጫ አወጣሁለት፣ በዓይኑ ቦታ ሁለት የበሰለ የቁርቁራ ፍሬ ሰካሁ። ቆርቆሮው ፊት ለፊት በርሜል ላይ አስቀመጥኩት። አጎቴ ሻይውን ይዞ መጣና ዞሮ አየው።

«ይቺ ደግሞ ማን ናት?»

«እኔ ነኝ።»

«እሱስ አፍንጫዋ ያንቺ ነው። ትንሽ ግን ከአንቺ ዝምተኛ ናት።»

ኦሪጅናሉን አደረግሁላትና ከደንበኛ መቆሚያ ተኮስኩ። መነጽሩ ላይ ጥይቷ የምታክል ቀዳዳ ወጣ፤ ቁርቁራዋ ፈርጣ ጭማቂዋ በጭቃው ጉንጭ ላይ ወረደ። በሁለተኛው ዙር የበያጁን ከባድ መስታወት አደረግሁላትና ተኮስኩ። ጥይቷ አላለፈችም፤ እዚያው ከመስታወቱ ሥር ወድቃ አገኘኋት። ደስ ሊለኝ ሲል መነጽሩን አነሳሁት። መስታወቱ ወደ ውስጥ ረግፏል። ስንጥሩ ቁርቁራው ውስጥ፣ ጭቃው ውስጥ፣ በዙሪያው ሁሉ እንደ ዓሣ አጥንት ተሰክቷል። ያመንኩት እሱን ነበር። ሳልሞክረው አድርጌው ቢሆን ኖሮ እያልኩ ስንጥሩን ከጭቃው ነቀልኩ።

«ይበቃሻል» አለኝ አጎቴ።

«የሐጂ ቀርቷል።»

አዲስ ቁርቁራ ሰካሁ፣ የሐጂን አደረግሁላት፣ ተኮስኩ። «ጠቅ» የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ወዲያው ደግሞ ጆሮዬ አጠገብ «ፍጭ» የሚል። ከኋላዬ የነበረው የውሃ ጀሪካን ተንኳኳ። ዞር ስል ጀሪካኑ ላይ አዲስ ስርጉድ አለ። ጥይቷ ከመነጽሩ ነጥራ ወደኔው ተመልሳለች። እኔ ደግሞ ፊቴ ባዶ ነው። የጭቃዋን ዓይን ከልዬ፣ የራሴን መነጽር በላስቲክ እንዳለ ጉልበቴ ሥር አስቀምጬ ነበር የምተኩሰው።

አጎቴ ሊስቅ ጀመረና ተወው። መጥቶ ጠመንጃውን ከእጄ ወሰደ።

«እኔንም የመታችኝ እንዲሁ ናት» አለ።

«ምን?»

«ይቺ ቆርቆሮ። የዛሬ ስድስት ዓመት። ክር ሳስር።»

«ሰሊጥ ነው ስትለን…»

«ሰሊጥ ቢወጋው ሰው ያዝንለታል። በገዛ ቆርቆሮው የታወረ ግን መሳቂያ ነው። እናትሽስ ብታውቅ አንቺን ትልክልኝ ነበር?»

ወደ በርሜሉ ሄድኩ። የጭቃዋ ዓይን ደኅና ነበር፤ ቁርቁራዋ አልተነካችም። መነጽሩ ላይ ትንሽ ነጭ ጠባሳ ብቻ ቀርቷል። ግን ያን ጊዜ የማየው የጭቃዋን ዓይን አልነበረም። የአጎቴን ነው፤ ደኅናውን። አንድ ዓይን ብቻ የቀረው ሰው ስድስት ዓመት ሙሉ በዚያ ቆርቆሮ ፊት ሲመላለስ ኖሮ፣ እኔ አንድም ቀን አልፈራሁለትም።

ሌላ መነጽር ከየትም ይፈልጉልኝ እንደሆነ ብዬ ወዲያው ወደ ሐጂ ሮጥኩ። ሱቁ ተዘግቷል፤ ለኢድ ቤተሰባቸው ዘንድ ሾዋክ ከተማ ሄደዋል አለኝ ጎረቤቱ።

የኢድ ጠዋት ሜዳው ገና ከሶላት መልስ ሞላ። ነጭ ጀለቢያ የለበሰ፣ ሽቶ የተቀባ ሰው የደንበኛ መቆሚያውን ገመድ ተደግፎ ይጠብቃል። አጎቴ ጠባሳ ያለበትን መነጽር አድርጎ መጣ።

«በይ አንቺ አዲሱን አድርጊ። ለእኔ ይሄ ይበቃል።»

«እሱ ተመትቷል።»

«ስለተመታ ነው የማምነው። ተፈትኖ አለፈ አይደል?»

«ሐጂ ምን አሉኝ መሰለህ…»

«ሐጂ ነጋዴ ናቸው፣ ሁለት ሊሸጡልሽ ነው» አለና ፊኛ ይዞ ወደ ቆርቆሮው ዞረ።

መሄዱን ሳይ የራክሻው ነገር ትዝ አለኝ፤ በግራዬ የጠፋው ግማሽ ከተማ። ለእሱ የሚጠፋው ግማሹ አይደለም። ሮጬ ደረስኩበትና ከፊቱ ላይ መነጽሩን ነጠቅሁት። መሬት ላይ ጣልኩት፣ በተረከዜ ረገጥኩት። አንዴ አልሰበር አለኝ። ሁለተኛ ስረግጠው ልክ ጠባሳው ላይ ለሁለት ተሰነጠቀ። ሁለታችንም አየነው።

አዲሱን ከፊቴ አውልቄ ሰጠሁት። ፈልጌ ሰጠሁት ብል እዋሻለሁ። እጄ ሊለቀው አልፈለገም። እሱም አልተቀበለኝም።

«አንቺስ?»

«እኔ ወደዚያ አልሄድም። ጠመንጃዎቹን ይዤ እዚህ እቀመጣለሁ። አንተ ቆርቆሮው ጋ ስትሆን ሁለቱም ጭኔ ላይ ናቸው፤ ንጉሥ ቢመጣ አልሰጥም። ግን ቆርቆሮው እንዲህ እንዳለ ከሆነ ይሄም አይበቃም፤ እዚህ ድረስ መመለሷን በጀሪካኑ አይተሃል።»

የመነጽሩን ስባሪ በጫማው ጫፍ ገለበጠው።

«ፍራሼን አምጪው» አለኝ በመጨረሻ፣ አዲሱን መነጽር ከእጄ ወስዶ ዓይኑ ላይ እያደረገ።

የሱን የጥጥ ፍራሽ ከቤት ጎትቼ አመጣሁ። በሽቦ ቆርቆሮው ላይ አሰርነው፤ ፊኛዎቹን ፍራሹ ላይ ሰቀልናቸው። የመጀመሪያው ደንበኛ ተኩሶ ሳተ። «ቋ» አላለም።

«መታሁ ወይስ ሳትኩ?» አለ በዓረብኛ።

«ፊኛው ይነግርሃል» አለው አጎቴ።

አንዳንዱ ድምፅ የለውም ብሎ አጉረምርሞ ሄደ፤ አንዳንዱ ቆየ። እኔ ቀኑን ሙሉ አጎቴ ፊኛ ሊሰቅል በሄደ ቁጥር ሁለቱን ጠመንጃ መተኮስ እንዳይችሉ ወገባቸው እንደታጠፈ ጭኔ ላይ አጋድሜ በክንዴ ተጫንኳቸው። ሙቀቱ መነጽሩን በላብ ያደበዝዘዋል፤ ሊጠርገው ወደ ግንባሩ ከፍ ባደረገ ቁጥር ከተቀመጥኩበት «ጋሼ!» እላለሁ። ይመልሰዋል። እየተመለሰም እንደ ልጅ ያፌዝብኛል። ያም ሆኖ እስኪመለስ ድረስ ክንዴን ከጠመንጃዎቹ ላይ አላነሳም ነበር።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ፍራሹን አወረድን። ጨርቁ ወንፊት ሆኗል። ጥይቶቹ ጥጡ ውስጥ ተሰግስገው ቀርተዋል። አጎቴ በጣቱ ቆፍሮ አንዷን አወጣና ወደ ደኅናው ዓይኑ አስጠግቶ አያት።

«ይቺን ነው የፈራሽው?» አለኝ።

«አዎ» አልኩት።

መነጽሩን አላወለቀም። ፍራሹን ተሸክመን ቤት እስክንደርስ ድረስ እንዳደረገው ነበር።